መውጫ ያጣ ደም

የሕግ ሰው ስለ አንጎል ደም ሥር ምን አግብቶት ይጽፋል የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፡፡ ጥያቄው ተገቢ ነው፡፡ እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር፡፡ ነገር ግን አንዳንድ እውቀት ፈልገነው የምናገኘው ሳይሆን ቤታችን ድረስ መጥቶ በር አንኳኩቶ የሚገባ ነው፡፡ ይኼኛው የገባው በእህቴ ልጅ በኩል ነው፡፡

ልጅቷ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ወሩም ነሐሴ፡፡ ራሴን አመመኝ ማለት ጀመረች፡፡ ትንሽ ትኩሳት ነበራት፤ ጠዋት ጠዋት ስትነሳም ያስመልሳታል፡፡ እናቷ ሰፈራቸው ወዳለ ክሊኒክ ወሰደቻት፡፡ ደሟ ተመረመረና «ታይፎይድ ነው» ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት፡፡ በሳምንቱ ትኩሳቱ በረድ አለ፤ ራስ ምታቱ ግን ባሰ፡፡ ወደ ሌላ የሕክምና ተቋም ተኬደ፡፡ እዚያ ሲቲ ስካን ታዘዘ፡፡ ውጤቱ «ምንም የለም» የሚል ነበር፡፡ ቤተሰቡ ፈጣሪውን አመስግኖ ልጅቷን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ፡፡

ከሦስት ቀን በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ፡፡ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ፣ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ቴሌቪዥን ታያለች፡፡ «ምነው ዓይንሽን ያዝሽው?» አልኳት፡፡ «ጋሼ፣ እንዲህ ካላደረግኩ ሁለት ሁለት ይሆንብኛል» አለችኝ፡፡

በዚያው ምሽት ሦስተኛ ቦታ ይዘናት ሄድን፡፡ የተረኛዋ ሐኪም ወጣት ናት፡፡ እስከዚያች ሰዓት ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀች፤ «ጆሮዋን ያማት ነበር?» እህቴ ቀና ብላ አየችኝ፡፡ ጆሮዋ! ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየክረምቱ መግል የሚፈሰው የቀኝ ጆሮዋ፤ በጥጥ እየተጠረገ፣ አልፎ አልፎ ጠብታ እየተደረገለት፣ «ሲያድጉ ይለቃቸዋል» እየተባለ የታለፈው ጆሮ! ይህንን ቃል ደጋግመው ከተናገሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፡፡

በማግስቱ በኤምአርአይ ተመረመረች፡፡ ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ ያለው ትልቁ የአንጎል ደም መልስ በረጋ ደም ተዘግቷል፡፡

እዚህ ላይ ቆም ብለን ነገሩን ከመሠረቱ እንየው፡፡ በትምህርት ቤት «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» የሚሉ ሁለት ስሞች ተምረናል፡፡ ስማቸው ራሱ ሥራቸውን ይናገራል፡፡ ደም ቅዳዎች ከልብ ወደ አካል ደም ያደርሳሉ፤ ደም መልሶች ደግሞ ያገለገለውን ደም ወደ ልብ ይመልሳሉ፡፡ ስትሮክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የመጀመሪያውን ዓይነት ነው፤ የሚያመጣው ሥር ይዘጋና የአንጎል ክፍል በድንገት ደም ያጣል፡፡ የእህቴን ልጅ የገጠማት ግን ተቃራኒው ነው፡፡ ደሙ ገብቷል፤ መውጫ ነው ያጣው፡፡

የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህንን ልዩነት ለመረዳት አይቸገርም፡፡ የቧንቧ ውኃ ሲጠፋ ወዲያው ይታወቃል፡፡ የክረምት የጎርፍ ማፋሰሻ ቱቦ በፕላስቲክ ሲደፈን ግን መጀመሪያ ምንም ያለ አይመስልም፡፡ ውኃው ከኋላ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ቤት ይገባል፡፡ በአንጎልም እንዲሁ ነው፡፡ አንጎል የሚጠቀምበት ደም የሚወጣው በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ባሉ ሰፋፊ ቦዮች ነው፡፡ አንደኛው ከግንባር እስከ ማጅራት በአናት መሐል ለመሐል ይሄዳል፡፡ ከኋላ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ተከፍሎ በሁለቱም ጆሮዎች ጀርባ ይዞርና በአንገት በኩል ወደ ልብ ይወርዳል፡፡ በአዋቂ ሰው በደቂቃ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም በዚህ መንገድ ያልፋል፡፡ አንጎልን የሚከበው ንፁህ ፈሳሽም በብዛት የሚወገደው ወደነዚሁ ቦዮች ነው፡፡ ስለዚህ ቦዩ ሲዘጋ ሁለት ነገር አብሮ ይጠራቀማል፤ ደምም ፈሳሽም፡፡

የራስ ቅል ደግሞ አይለጠጥም፡፡ ውስጡ ያለው ግፊት ሲጨምር መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ሲተኙና ጠዋት ላይ የሚብስ ራስ ምታት፡፡ ከዚያ ማስመለስ ይከተላል፡፡ ዓይንን ወደ ውጭ የሚያዞረው ቀጭን ነርቭ ይጨነቅና ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፡፡ ከዓይን ኳስ ጀርባ ያለው የእይታ ነርቭ ያብጣል፤ ካልታከመም ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል፡፡ ግፊቱ እየበረታ ሲሄድ ትንንሾቹ ሥሮች ደም ያስተላልፋሉ፤ የአንጎል ክፍል ይጎዳል፤ ልጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ወገኑ ሊሰንፍ ወይም ራሱን ሊስት ይችላል፡፡

በሽታው በታላላቅ ሰዎችም ላይ ደርሷል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሂላሪ ክሊንተን ሆስፒታል የገቡት ከቀኝ ጆሮ ጀርባ ባለው በዚሁ ቦይ ውስጥ ደም ረግቶባቸው ነበር፡፡ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ተሰጥቷቸው በቀናት ውስጥ ወጡ፡፡ ይሁን እንጂ ነገሩ የአዋቂ በሽታ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው፡፡

ካናዳ ውስጥ በአገር ደረጃ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት 160 ሕፃናትንና ልጆችን ተመልክቷል፡፡ በዚያ ስሌት በሽታው በዓመት የሚይዘው ከ100,000 ልጆች ውስጥ ከአንድ የሚያንሱትን (0.67) ነው፡፡ በእርግጥ ብርቅ ነው፡፡ ነገር ግን ከታማሚዎቹ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ገና አንድ ወር ያልሞላቸው ጨቅላዎች ነበሩ፡፡ ከሁሉም 58 በመቶው ተንቀጥቅጠዋል፤ 38 በመቶው ከነርቭ ጉዳት ጋር ቀርተዋል፤ 8 በመቶው ሞተዋል፡፡ እነዚህ ቁጥሮች የወጡት የሕክምና አገልግሎት በተሟላበት አገር መሆኑን ልብ ይሏል፡፡

ደም ለምን ይረጋል? ሐኪሞች በጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርኮው ስም የሚጠሯቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ የደሙ ፍሰት መዘግየት፣ የሥሩ ግድግዳ መጎዳት፣ ደሙ ራሱ ለመርጋት የተመቸ መሆን፡፡ እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ለእኛ የሚቀርበው፡፡ በሽታው ብርቅ ይሁን እንጂ የሚገባባቸው በሮች በየቤታችን ያሉ ናቸው፡፡ ተቅማጥና ትውከት የልጁን ፈሳሽ ሲጨርሱት ደሙ ይወፍራል፤ ፍሰቱም ይዘገያል፡፡ በብረት ማዕድን እጥረት የሚመጣ የደም ማነስ፣ ስሙ እንደሚያሳስበው ሳይሆን፣ ደምን ለመርጋት ያጋልጣል፡፡ ፕሮቲን በሽንት የሚያስወጣ የኩላሊት በሽታ፣ የደም ካንሰር፣ ለዚሁ ካንሰር የሚሰጠው አስፓራጂኔዝ የተባለው መድኃኒት፣ ከቤተሰብ የሚወረስ የደም መርጋት ዝንባሌም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ፡፡ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ምክንያት አንድ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ተደራርቦ ነው፡፡

የጆሮው ነገር ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል፡፡ ከጆሯችን ጀርባ የምንዳስሰው አጥንት ውስጡ እንደ ማር ሰፈፍ ክፍት ክፍት ያለው ነው፡፡ ከመሐከለኛው ጆሮ ጋርም ይገናኛል፡፡ በጆሮ ውስጥ የተቀመጠ መግል ወደዚህ አጥንት ይዘልቃል፡፡ በአጥንቱና በአንጎሉ ትልቅ ደም መልስ መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው፡፡ ቁስለቱ ያንን ግድግዳ ሲያልፍ የሥሩ ውስጠኛ ገጽ ይቆጣል፤ በላዩ ላይ ደም ይረጋል፡፡ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ከመምጣታቸው በፊት የጆሮ ሐኪሞች እጅግ ከሚፈሯቸው ነገሮች አንዱ ይኼ ነበር፡፡ መድኃኒቱ ባለበት ዘመን ብርቅ የሆነው ጆሮ ስለሚታከም ነው፤ ጆሮ ካልታከመ ግን ዘመኑ ለዚያ ልጅ አልተለወጠለትም፡፡

ወደ ጨቅላዎቹ እንመለስ፡፡ በምጥ ጊዜ የሕፃኑ የራስ ቅል አጥንቶች ገና አልተጋጠሙም፤ እንዲወጣ እንዲመቸው ይደራረባሉ፡፡ ይህ የተፈጥሮ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን ምጡ ሲከብድና ሲረዝም አጥንቶቹ ከሥራቸው ያለውን ቦይ ሊጫኑት ወይም ሊጎዱት ይችላሉ፡፡ የእናት የእርግዝና ደም ግፊት፣ በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የአየር እጥረት፣ የደም መመረዝ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቂ ወተት ባለማግኘት የሚመጣ የፈሳሽ ማነስ ሌሎቹ ምክንያቶች ናቸው፡፡

ችግሩ ጨቅላ ራሴን አመመኝ አይልም፡፡ ሲንቀጠቀጥም እንደ ትልቅ ሰው አይንፈራገጥም፡፡ ዓይኑን አንድ ቦታ ተክሎ ይቀራል፤ ምንም ሳይጠባ አፉን እንደሚጠባ ያንቀሳቅሳል፤ አንድ እጁ ብቻ ደጋግሞ ይርገበገባል፤ እግሩን ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ያሽከረክራል፤ ትንፋሹ ለአፍታ ቆሞ ከንፈሩ ይጠቁራል፡፡ ወይም ደግሞ ዝም ይላል፤ አይጠባም፣ አይነቃም፡፡ እርግብግቢቱ ሳያለቅስም ተነፍቶ ሊገኝ ይችላል፡፡ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሕፃን ሲታይ «የሰው ዓይን ነው» ይባልና ቀናት ያልፋሉ፡፡ ጸሎቱም ጸበሉም የሚያምንበት ሰው መብት ነው፤ ነገር ግን ከሐኪም ጋር አብሮ የሚሄድ እንጂ ሐኪምን የሚያስቀር መሆን የለበትም፡፡

አሁን ወደዚያ «ምንም የለም» ወዳለው ሲቲ ስካን ልመለስ፡፡ በእኛ ሙያ «በቂ ማስረጃ አልቀረበም» እና «ድርጊቱ አልተፈጸመም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፡፡ በሕክምናም ይኸው ልዩነት እንዳለ የተማርኩት ያን ሳምንት ነው፡፡ ተራ ሲቲ ስካን እጢን፣ ትልቅ የደም መፍሰስን፣ ስብራትን አሳምሮ ያሳያል፡፡ የደም መልስ መዘጋትን ግን ሊያሳይም ሊያመልጠውም ይችላል፤ በተለይ ሐኪሙ ያንን እየጠረጠረ ካልጠየቀ፡፡ ቦዩን ለማየት ቀለም በደም ሥር ተሰጥቶ በትክክለኛው ሰዓት የሚነሳ ሲቲ፣ ወይም የደም መልሶችን ለይቶ የሚያሳይ ኤምአርአይ ያስፈልጋል፡፡ በጨቅላ ላይ በእርግብግቢቱ በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ የመጀመሪያ ጥቆማ ሊሰጥ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ንፁህ መሆኑ ብቻውን በቂ አይደለም፡፡ ኤምአርአይ በየወረዳው የሚገኝ መሣሪያ አለመሆኑን፣ ዋጋውም ለብዙ ቤተሰብ የማይቀመስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፡፡ ለዚህም ነው ትክክለኛው ጥያቄ ከመሣሪያው መቅደም ያለበት፡፡ ያቺ ወጣት ሐኪም በነፃ ያደረገችው ምርመራ አንድ ጥያቄ ነበር፡፡

ሕክምናው ላይ ስንደርስ ሌላ ፈተና ገጠመን፡፡ በምስሉ ላይ ከተዘጋው ሥር አጠገብ ጥቂት ደም መፍሰሱም ታይቶ ነበር፡፡ ሐኪሞቹ ደም የሚያቀጥን መርፌ እንዲጀመር ወሰኑና አባትየው እንዲፈርም ወረቀት ሰጡት፡፡ እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ፡፡ «ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሷል እያላችሁኝ እንዴት ደም የሚያቀጥን መርፌ ትሰጧታላችሁ? ጤነኛ ሰው ይህን ይፈርማል?» አለ፡፡ እውነቱን ለመናገር እኔም ከእሱ ጋር ነበርኩ፡፡

ሐኪሟ አልተቆጣችም፡፡ ደሙ የፈሰሰው ሥሩ ስለቀጠነ ሳይሆን ከፊት ለፊቱ ስለተደፈነ መሆኑን አስረዳችን፡፡ መርፌው የረጋውን አያሟሟም፤ እንዳይጨምርና እንዳይስፋፋ ይገታዋል፤ የረጋውን ቀስ በቀስ የሚያጸዳው ሰውነት ራሱ ነው፡፡ መውጫው ሲከፈት ግፊቱ ይወርዳል፤ ደም መፍሰሱም ምክንያቱን ያጣል፡፡ ቤት ገብቼ ሳነብ ይህ እምነት ከየት እንደመጣ አገኘሁ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1991 ጥናታቸው የታተመላቸው የጀርመን ሐኪሞች በሽታው ያለባቸውን 20 አዋቂዎች ለሁለት ከፍለው ለአሥሩ ሄፓሪን፣ ለአሥሩ መድኃኒት አልባ ፈሳሽ ሰጡ፡፡ ሄፓሪን ከተሰጣቸው ስምንቱ ሙሉ በሙሉ ዳኑ፣ ሁለቱ በቀላል ጉድለት ወጡ፤ ከሌሎቹ ሦስቱ ሞቱ፣ ስድስቱ ጉዳት ቀረባቸው፣ ሙሉ በሙሉ የዳነው አንድ ብቻ ነበር፡፡ ሄፓሪን ካገኙትና ከዳኑት ውስጥ አስቀድሞ አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰባቸው ይገኙበታል፡፡ ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በልጆችም ላይ የተሠራ አይደለም፡፡ ቢሆንም የሕክምናውን አቅጣጫ ለውጧል፡፡

ዛሬ ከጨቅላነት ላለፉ ልጆች ሄፓሪን ወይም ከቆዳ ሥር የሚወጋው ኢኖክሳፓሪን ይጀመራል፤ ሕክምናው በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ወር ይቀጥላል፡፡ ዋርፋሪን የሚወስድ ልጅ ደሙ በየጊዜው መለካት አለበት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ሪቫሮክሳባንና ዳቢጋትራን የተባሉ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ለልጆች የደም መልስ መርጋት ተፈቅደዋል፡፡ በጨቅላዎች ላይ ግን ሐኪሞች እስከ አሁን አንድ አቋም የላቸውም፡፡ አንዳንዶቹ ወዲያው መድኃኒት ይጀምራሉ፤ ሌሎቹ፣ በተለይ ደም መፍሰስ ካለ፣ በቀናት ልዩነት ምስል እየደገሙ ይከታተሉና የረጋው ከሰፋ ይጀምራሉ፡፡ ወላጅ ሁለት ሐኪም ሁለት ነገር ቢነግረው አንዱ አላዋቂ ነው ማለት አይደለም፡፡

የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አሳዳሪ የልጁን ጤና እንዲጠብቅ፣ ልጁ ሲታመምም ለመዳኑ የሚያስፈልገውን እንዲያደርግ ግዴታ ይጥልበታል፡፡ ይህን ለተማሪዎች ሳስረዳ ቀላል ነበር፡፡ እኩለ ሌሊት ላይ እስክሪብቶ በያዘ አባት ፊት ስቆም ግን ሕጉ የማይናገረውን ገባኝ፡፡ ያልተረዳ ሰው አይፈርምም፤ ከፈረመም ፈቀደ አይባልም፡፡ ያን ሌሊት ልጅቷን ካዳኗት ነገሮች አንዱ ሐኪሟ ለማስረዳት የሰጠችው ሩብ ሰዓት ነው፡፡ አባትየው ፈረመ፡፡

ልጅቷ ስታገግም «እነዚያን ሁለቱን ቦታዎች እንክሰሳቸው» የሚል ሐሳብ መጣ፤ ጠበቃውም እኔ ልሆን ነው፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ተጠያቂ የሚሆነውም በሙያው የታወቁትን የሳይንስ ደንቦች ቸል ሲል ነው፡፡ ብርቅ በሽታን በመጀመሪያ እይታ አለመለየት ብቻውን ጥፋት አይደለም፡፡ ካርዶቹን አስወጥቼ አነበብኳቸው፡፡ በሁለቱም ላይ ስለ ጆሮ አንድ ቃል አልተጻፈም፡፡ ይህ ጉድለት ነው፡፡ ግን ራሴንም ጠየቅኩ፤ ማንስ ነገራቸው? እኛ አምስት ዓመት ሙሉ ያየነውን መግል ታሪክ አድርገን አልቆጠርነውም፡፡ ክሱን አላቀረብኩም፡፡ በምትኩ ለሁለቱም ተቋማት ኃላፊዎች የሆነውን ሁሉ የሚዘረዝር ደብዳቤ ጻፍኩ፡፡ አንደኛው መልስ ሰጠኝ፡፡

እንግዲህ አንባቢ ከዚህ ምን ይዞ ይሂድ? ራሱን ያመመው ልጅ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም፤ አብዛኛው የለበትም፡፡ ነገር ግን ራስ ምታት ለቀናት ሲቆይ፣ ሲተኙ ወይም ጠዋት ሲብስ፣ ማስመለስ ሲያስከትል፣ ዓይን ሲንሸዋረር ወይም ነገር ሁለት ሲሆን፣ ልጅ ሲፈዝ ወይም ሲንቀጠቀጥ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም፡፡ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የዛሬውን ብቻ አትናገሩ፡፡ የጆሮ መግል፣ የሰነበተ ተቅማጥ፣ የደም ማነስ፣ በቤተሰብ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ፡፡ ሲቲ ስካን ንፁህ ነው ሲባልና ልጁ ካልተሻለው «የደም መልሶቹስ ታይተዋል?» ብላችሁ በትህትና ጠይቁ፡፡

መከላከሉ ደግሞ ብዙ ወጪ የለውም፡፡ የሚፈስ ጆሮ ይታከም፡፡ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ኦአርኤስ ይጠጣ፡፡ ሽንት ጨርቁ ደርቆ የሚውል ጨቅላ ይታይ፡፡ ለጆሮና ለሳንባ ቁስለት ዋና ምክንያት የሆነውን ኒሞኮከስን የሚከላከለው ክትባት በአገራችን ከ2004 ዓ.ም.፣ ለከባድ ተቅማጥ የሚዳርገውን የሮታ ቫይረስ ክትባት ደግሞ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት በነፃ ይሰጣል፤ ቀኑን ጠብቆ ማስከተብ ነው፡፡

የእህቴ ልጅ ጆሮዋ ተቀዶ ተጠርጓል፤ መርፌውንም ለወራት ወስዳለች፡፡ በመጨረሻው ምስል ሥሩ አብዛኛው ተከፍቶ ታየ፡፡ ነገር ሁለት መሆኑ ቀረ፤ የቀኝ ዓይኗ እይታ ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም፡፡ ክፍል ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፡፡ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለውን አባባል በልጅነቴ ተምሬዋለሁ፤ ለሌሎችም ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፡፡ አጠገቤ ላለው ጆሮ ግን አላሰብኩበትም ነበር፡፡